በሰኔ ማርያም የቆመው የበርሜል ማስቀመጫ

እናቴ ባንቺዓለም ባለፈው ነሐሴ ቢቸና ውስጥ ከምንጭ ውሃ ቀድታ ስትመለስ ጭቃ አንሸራተታትና የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ ታሰረ፣ ተፈታ፤ ግን ተጣሞ ቀረ። በዚያ እጅ ጭልፋ እንጂ ጀሪካን አትይዝም። በሰፈሯ ያለው ቧንቧ ደግሞ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ቢመጣ ነው።

ሞጣ የምትኖረው ታላቅ እህቴ ማናለሽ ለዚህ ሁሉ መልስ አላት። ቤቷ ውስጥ አንድ ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አልጋ አስገብታ፣ መጋረጃ ሰቅላ ጨርሳለች። «ሐምሌ ሲገባ እማዬ አሁንም ምንጭ የምትወርድ ከሆነ መጥቼ እወስዳታለሁ፤ ቤቱን እናከራየዋለን» አለችኝ። እናቴ ይህን ስትሰማ «የልጅ ቤትም የሰው ቤት ነው» አለችና ወሬ ቀየረች። ስታለቅስ ያየኋት ግን በማግስቱ ነው፤ ከጓሮ፣ ጌሾዋ ሥር ቆማ።

ስለዚህ ነገሩ ሁሉ አንድ በርሜል ላይ ተንጠለጠለ። ሁለት መቶ ሊትር የሚይዝ፣ ከሥሩ ቧንቧ ያለው ሰማያዊ በርሜል ገዛሁ። የቤቱ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፣ አሸንዳም አለው፤ የክረምቱ ውሃ በነጻ ይወርዳል። የሚቀረው እናቴ ሳትጎነበስ ጀሪካኗን ከሥሩ አስቀምጣ እንድትቀዳ በርሜሉን ከፍ አድርጎ የሚይዝ ጠንካራ ማስቀመጫ ብቻ ነበር። አራት እግር፣ አንድ ወለል፣ እግሮቹን በአግድም የሚያያይዙ አራት ሰያፍ እንጨቶች። የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ግማሽ ቀን ግን በእኛ አገር ከሰኔ ውስጥ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር አይደለም።

ሞጣ ጠበቃ ነኝ። ሰኔ ሃያ አራት ማክሰኞ ቀጠሮ ስለነበረኝ ረቡዕ አሥራ ስምንት ከሰዓት በኋላ ቢቸና ገባሁ። አምስት ቀን አለኝ ብዬ ነው። በቀጥታ የሰፈሩ አናጢ አያ ፋንታ ቤት ሄድኩ። ባሕር ዛፉን የላክሁላቸው ግንቦት መግቢያ ላይ ነበር። አጥር ተደግፎ እንደ መጣ ቆሟል።

«አያ ፋንታ፣ ይህ እንጨት ከመጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነው።»

«እርጥብ ነበራ። እርጥብ እንጨት ሚስማር ይውጥና ሲደርቅ መልሶ ይተፋዋል።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደርቋል። ደህና እንጨት ነው።»

«እንግዲያው ነገ ይጀምሩልኛ።»

«ነገ አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል።»

«ዓርብ።»

«ሃያ፣ ሕንጸታ። ቤተ ክርስቲያኗ የታነጸችበት ቀን።»

ሕንጻ የቆመበትን ቀን አንድም እንጨት ባለማቆም የምናከብር ሰዎች መሆናችንን ልነግራቸው ነበር፤ ዋጥ አደረግሁት።

«ቅዳሜ?»

«ሰኔ ማርያም ናት። የባንቺዓለም ልጅ ሆነህ ይህን መጠየቅ አልነበረብህም።»

እሑድን ዘለልኩት። ሰኞ ጊዮርጊስ ነው። ማክሰኞ ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ሌላው ሰው ቢሠራም አያ ፋንታ የተክልዬ ጽዋ ማኅበርተኛ ስለሆኑ አይሠሩም። ጣታቸውን እያጠፉ ቆጥረው ሲጨርሱ የቀረችው አንዲት ጣት ነበረች።

«ረቡዕ፣ ሃያ አምስት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መዶሻዬን ይዤ ከደጃችሁ ታገኘኛለህ።»

«ረቡዕ እኔ ሞጣ ነኝ።»

«አንተን ምን ያደርግልኛል? መዶሻው የእኔ ነው።»

ይህን የምጽፈው ማንንም ከእምነቱ ለማጣላት አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው ይንገረኝ፤ እጇ የተሰበረ እናት በጭቃ ጀሪካን ተሸክማ እንድትወርድ የሚፈቅድ፣ ጀሪካኑን የሚያስቀርላት ሚስማር ሲመታ ግን የሚቆጣ መልአክ የትኛው ነው? መልሱን አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ። በታቦቱ ቀን የቆፈረ ወይም መዶሻ ያነሳ ሰው በረዶ ያስወርዳል፤ በረዶው ደግሞ አጥፊውን ለይቶ አይመታም፣ የጎረቤቱን ማሳ ነው የሚያወድመው። ስለዚህ የእኔ ሚስማር የሰፈሩ ሁሉ ጉዳይ ነው። በዚህ ክርክር ሦስት ትውልድ ተረቷል።

ሐሙስ ጠዋት ራሴ ልቆፍር ዶማ ፍለጋ ወጣሁ። የለም። እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣለች፤ ከቀሚሷ ሥር የዶማው እጀታ ብቅ ብሏል።

«ተነሽ እማዬ።»

«አልነሳም። ዛሬ በዓል ነው፤ ተቀምጬ ነው የምውል።»

ዓርብ ሞጣ ደወልኩ። ሙጀሂድ የሱቅ መደርደሪያ የሚሠራ ወዳጄ ነው፤ ቤቱ ከቢሮዬ በስተጀርባ ነው። የእሱ ቀን መቁጠሪያ ገብርኤልም ሕንጸታም የለበትም።

«ዛሬውኑ ና» አልኩት።

«ዛሬማ ጁምዓ ነው።»

«አንተም ጀመርክ?»

«እኔ ምን ከሰው ለየኝ? ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ እመጣለሁ። ውሃ ልኬንም እይዛለሁ፤ አንተን በዓይንህ አላምንህም።»

ቅዳሜ፣ ሰኔ ማርያም፣ እናቴ ገና ሳይነጋ ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ሙጀሂድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ዶማውን ከአልጋዋ ሥር አውጥቼ ሰጠሁት። ሳይቀበለኝ ቆመ።

«ዛሬ የእናንተ በዓል አይደል? እማማ ፈቅደዋል?»

ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሳይዋሹ ዝም ማለት ሙያዬ ነው። «ፈቅዳለች» አልኩ።

ሥራውን ልናገር፤ ሙጀሂድ ከሠራው ማንም እንከን አያወጣም። የግቢያችን አፈር ዋልካ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ የቆመበትን ሁሉ ያጋድላል። ስለዚህ እስከ ጉልበት የሚደርሱ አራት ጉድጓዶች አስቆፈረኝና ከእያንዳንዱ ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፈ። የእግሮቹን ጫፍ በእሳት ለብልቦ ምስጥ እንዳይበላቸው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባቸው። ከዚያ እያንዳንዱን በውሃ ልክ እያየ አቆማቸው። «ሁለት መቶ ሊትር ማለት ሁለት ኩንታል ነው» ይለኛል በየመሐሉ፣ «ሰው ውሃ ቀላል ይመስለዋል፣ ስለሚጠጣው።» በአራቱም ጎን ሰያፍ መታ፤ ከመምታቱ በፊት በእርሳስ ምልክት ያደርጋል። ወለሉን በጣውላ ሲመታ ውሃ እንዳይቋጥር በየመካከሉ አንድ አንድ ጣት ክፍተት ተወ። ሲያልቅ ሁለታችንም ላዩ ላይ ወጥተን ዘለልን። አልነቃነቅ አለ። በርሜሉን አስቀመጥን፣ አሸንዳውን አገናኘን። ቧንቧው ልክ በእናቴ ወገብ ላይ ሆነ።

ቅዳሴው፣ ንግሡ ሁሉ አልቆ እናቴ ስትመለስ ከበሩ ላይ ቆመች። ማስቀመጫውን ከእግሩ እስከ በርሜሉ አፍ አየችው። እኔን አላየችኝም። ሙጀሂድን በሁለት እጇ ጨበጠችው፤ ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቀችው። የሐዋርያት ጾም ስለነበረ ሽሮ አቀረበችለትና ጎርሶ እስኪጠግብ ልትጠብቀው አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ግን ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ፊቷን ሲያይ ገባው።

«እማማ፣ ፈቅደዋል ብሎኝ ነው።»

«አውቃለሁ ልጄ። የወለድሁትን አላጣውም። አንተ ብላ።»

መናኸሪያ ሸኘሁት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ከፈተና «በእኔ እጅ ነው በዓላቸውን ያስሻርካቸው» አለኝ። «በሌላ ሰው እጅ ቢሆን አይከፋኝም ነበር። ከእንግዲህ የሆነ ነገር ልታሠራኝ ስትል እናትህን ነው የማናግረው።»

አሥር ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ፤ በረዶም ይዞ መጣ። ሰኔ ነው፤ በሰኔ በረዶ ይዘንባል፤ ሚስማር ቢመታም ባይመታም በየዓመቱ ይዘንባል። ይህን ለማን ልንገር? የጎረቤታችን የወይንእሸት የበርበሬ ችግኝ በሩብ ሰዓት ከመሬት ተጣበቀ። እሷም አጥሩ ጋ ወጥታ መጀመሪያ ችግኙን፣ ቀጥሎ በርሜሉን፣ በመጨረሻ እኔን አየች። በርሜሉ እስከ አፉ ሞልቶ ይፈሳል፤ ማስቀመጫው ከሁለት ኩንታል ሥር ፀጥ ብሎ ቆሟል። እኔም ድል ያደረግሁ መስሎኝ ተኛሁ።

እሑድ ጠዋት እናቴ ትንሿን ጀሪካን በግራ እጇ አንጠልጥላ ከበር ስትወጣ ደረስኩባት።

«ወዴት ነው?»

«ምንጭ።»

«ውሃው እኮ እዚህ ነው። ሁለት መቶ ሊትር።»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ውሃው ምን አደረገ? ከሰማይ ነው የወረደው፤ እኔ አላዘነብሁት።»

«ውሃውን ማን ክፉ አለው? የተቀመጠበት ነው። በእመቤቴ ቀን በግቢዬ መዶሻ ተመታ፣ የወይንእሸት በርበሬ ወደመ። እኔ ከዚያ ቀድቼ ለሰው ምን ብዬ እሰጣለሁ?»

«እማዬ፣ ማናለሽ ትወስድሻለች። ገብቶሻል? ከዚህ ካልቀዳሽ ትወስድሻለች።»

«ገብቶኛል» አለችና ወረደች። ቁልቁለቱን በጎኗ እየተራመደች፣ የተጣመመ እጇን ለሚዛን ዘርግታ። ጀሪካኑን ልቀበላት ስከተላት «ረቡዕ ማን ይይዝልኛል?» አለችኝ።

ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ሴቶች ከበርሜሉ ለመቅዳት ተሰልፈው መጡ። ፊተኛዋ ወይንእሸት ነበረች።

«አንቺ ደግሞ» አልኳት፣ «በርበሬሽን ያወደመው ይህ ማስቀመጫ አልነበረም?»

«በዓሉን የሻርከው አንተ ነህ፤ እኔ ምን አገባኝ? በደንብ ክፈተው እንጂ፣ ቧንቧው ይንጠባጠባል።»

ስለዚህ እናቴ እንዳትወሰድ የተሠራውን ማስቀመጫ ሰፈሩ ሁሉ ይጠቀምበታል፣ እናቴ ብቻ ምንጭ ትወርዳለች። በሕግ ትምህርት ቤት ለዚህ የሚሆን አንቀጽ አላስተማሩኝም።

ከሰዓት በኋላ አያ ፋንታ መጡ። ማስቀመጫውን ዞሩት፤ በትከሻቸው ገፉት፤ ሰያፉን በጥፍራቸው ጫሩት።

«የሞጣው ሰው ነው? ሙያተኛ ነው። ሚስማር አብዝቷል እንጂ።»

«ዓይንዎ አልገባም?»

«ገብቷል። ግን ሥራው አላለቀም።»

«ምን ጎደለው?»

አያ ፋንታ ወደ እናቴ ዞሩ። «እትዬ፣ ረቡዕ የፊቱን ሰያፍ እነቅለውና መልሼ እመታዋለሁ። ሥራ አለቀ የሚባለው የመጨረሻው ሚስማር የተመታ ለት ነው። ያን ለት ደግሞ በዓል የለም።»

እናቴ አሰበችበት። «ይሁን» አለች። «ያን ለት እቀዳለሁ።»

«ይህማ ማጭበርበር ነው» አልኩ።

አያ ፋንታ አገጫቸውን አከኩ። «አየሽው እትዬ? ይህን የሚለው ጠበቃው ነው።»

ሰኞ ወደ ሞጣ ተመለስኩ። ማክሰኞ ዳኛው ስላልተገኙ ቀጠሮዬ ለጥቅምት ተዛወረ፤ እዚያም የሚሠራበት ቀን አልተገኘም ማለት ነው። ረቡዕ ነጻ ስለሆንኩ ቢቸና ልመለስ ወሰንኩ። ማታ ማናለሽ ደወለች። ወይንእሸት ሁሉንም ነግራታለች።

«እማዬ አሁንም ምንጭ ትወርዳለች» አለችኝ። «ሐምሌን ምን አስጠበቀኝ? ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

ባዶ ሻንጣ ይዛ መጣች። ቢቸና እስክንደርስ ከጉልበቷ ላይ አላወረደችውም።

ሁለት ሰዓት ላይ አያ ፋንታ እንዳሉት መዶሻቸውን ይዘው ደጅ ላይ ነበሩ። በሕይወቴ በሰዓቱ የተገኘ አናጢ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ እሱም ያለቀ ሥራ ሊሠራ። ሚስማሩን መንቀል ጀመሩ። አልነቀል አለ። የመዶሻው ጥርስ ሚስማሩን ይይዛል፣ ያዳልጣል። ላብ በላብ ሆኑ።

«ይህ ሰው ሚስማር መታ ወይስ ተከለ?» አሉ። «ለሱቅ መደርደሪያ ነው እንዲህ የሚመቱት?»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሰያፉ ወጣ። በርሜሉ ሙሉ ነበር። ማስቀመጫው በሦስቱ ሰያፎች ሁለት ኩንታሉን ይዞ እንደ ቆመ ቆመ፤ አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። አያ ፋንታ ሰያፉን መልሰው አራት ሚስማር መቱበት። እናቴ እያንዳንዱን ሚስማር በዓይኗ ቆጠረች። ከዚያ አማተበችና ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠች። ቀጥ ብላ ቆማ፣ በተጣመመው እጇ አውራ ጣት ቧንቧውን ገፋ አደረገችው። ያ እጅ ለዚህ ይበቃል። ውሃው ወረደ።

ማናለሽ ሻንጣዋን አቅፋ አየቻት። ጀሪካኑ እስኪሞላ አየቻት፤ እናቴ ቧንቧውን ስትዘጋም አየቻት። ሻንጣውን መሬት ላይ አደረገችው።

«አልጋው ላይ ያለውን ብርድ ልብስ ግን እልክልሻለሁ» አለች። «እዚያ ማንም አይለብሰውም።»

«ላኪው» አለች እናቴ። «ቤቴ በክረምት ይበርዳል።»

እኔ ሰያፉን ሳይ ቆይቻለሁ። አያ ፋንታ የመቱት ከቦታው አውርደው ነው፤ የሙጀሂድ የእርሳስ ምልክት ከላዩ ሁለት ጣት ርቆ ይታያል። አፌን ከፈትኩ። እናቴ የመጀመሪያውን ኩባያ ውሃ ይዛ፣ ዞራ አየችኝ። ኩባያውን ተቀብዬ ጠጣሁ።