ከዜሮ የማይነሳ መስመር

ሃለዋው አልረጋም። ሉብና ማማሰያውን ከድስቱ ስታነሳው ቀዩ ፈሳሽ ቁልቁል ተንጠባጠበ።

"ይሄንን ለአማቴ ላጠጣት ነው?" አለች ታናሽ እህቷ ዱኒያ፣ አልዘጋ ያላትን ሻንጣ በጉልበቷ እየተጫነች።

ዱኒያ ነገ ጠዋት ከባሏ ጋር ወደ ጅቡቲ ትጓዛለች። ከዚህ ቤት የምትዳር ልጅ እናቷ የሠራችውን ሃለዋ፣ ያንን በስኳርና በስታርች የሚረጋ ጣፋጭ፣ ይዛ ነው የምትሄደው። እናታቸው ሸፊቃ ግን አምና ሞታለች፤ "የእሷን ሃለዋ እኔ እሠራልሻለሁ" ብላ ቃል የገባችው ሉብና ናት።

ሉብና የሰባተኛ ክፍል የሂሳብ አስተማሪ ናት፤ የተማመነችውም በሂሳቧ ነበር። እናቷ ለሠርግ በአሥር ኪሎ ስኳር ስትሠራ የምትጠቀምበትን ልክ ሉብና ታውቀዋለች። ለዱኒያ አንድ ኪሎ ስለሚበቃት ሁሉንም ለአሥር አካፈለች፤ ስኳሩን፣ ስታርቹን፣ ውሃውን፣ ዘይቱን፣ ሄሉን። የማማሰያውን ሦስት ሰዓትም አብራ አካፈለችና በአሥራ ስምንት ደቂቃ እሳቱን አጠፋች። አስተማሪ መሆን አንዳንዴ እንዲህም ያደርጋል።

"አባ፣ እማ በአምስት ኪሎ ስትሠራ ምን ያህል ታማስል ነበር?"

አባታቸው ሙመድ ከግቢው ዛፍ ጥላ ሥር ቀና አለ። "ሁለት ሰዓት። ወላሂ ክንዴ ያውቀዋል፣ ግማሹን የማማስለው እኔ ነበርኩ።"

ሉብና ከቦርሳዋ ጠመኔ አውጥታ በግቢው ግንብ ላይ ግራፍ ሠራች፤ ወደ ጎን ኪሎ፣ ወደ ላይ ሰዓት። አምስት ኪሎን ከሁለት ሰዓት፣ አሥር ኪሎን ከሦስት ሰዓት አገናኝታ ሁለት ነጥብ አደረገችና መስመር አሰመረችባቸው። መስመሩን ወደ ታች ስትስበው ዜሮ ላይ አልገባም፤ የሰዓቱን መስመር አንድ ሰዓት ላይ ቆረጠው።

"በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የምለውን ረሳሁት" አለች። "ርቱዕ ወደረኛ የሆነ፣ በእኩል እጥፍ አብሮ የሚያድግ ነገር ከዜሮ ይነሳል። ስኳሩና ስታርቹ ይነሳሉ። ሰዓቱ ግን ገና ስኳር ሳይገባ አንድ ብሎ ነው የሚጀምረው።"

"እሱማ የእናታችሁ ወሬ ነው አቦ" አለ ሙመድ። "ጭብጥ የማታክል ብትሠራም አንድ ሰዓት ሳታወራ ከምድጃው አትነሳም።"

ሳቁ። ሉብና እናቷ በጣም ናፈቀቻት፤ ነገ ደግሞ ዱኒያ ልትናፍቃት ነው። እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ እኩልዮሹን ከግራፉ ሥር ጻፈች፦ ኪሎውን ለአምስት አካፍሎ አንድ መደመር። ለአንድ ኪሎ፣ አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ።

"ጥሩ" አለች ዱኒያ። "ቶሎ ከጨረስን ከዚራ ሰፈር ወርጄ ጓደኞቼን እሰናበታለሁ።"

ሉብና ጣቷን አንድ ኪሎው ላይ አድርጋ ቆየች። ከዚያ ጣቷ መስመሩን ይዞ ወደ ላይ ወጣ።

"እኔ ሱቅ ደርሼ ስኳርና ስታርች ላምጣ" አለች። "በአሥር ኪሎ ነው የምንሠራው።"

"አሥር? አባዮ፣ እህቴ፣ ማን ይበላዋል?"

"ለጎረቤት ይታደላል። ግን ብቻዬን አማስዬ አልዘልቀውም።"

ዱኒያ ግንቡን አየች፤ አሥር ላይ ያለውን ነጥብ፣ ከዚያም ሦስት ሰዓቱን። ሻንጣዋን እንደተከፈተ ትታ ስልኳን አነሳችና ለአንዷ ጓደኛዋ ደወለች።

"ሳቢሪን" አለች፣ "ዛሬ አልመጣም።"