የናዲም ስኪና የገዳሙ ሻማ

«አልቅሺ እንጂ፣ አንቺ ሴት! ድንጋይ ነሽ እንዴ?» አለች የሟቹ አክስት ዋዲዓ፣ የራንዲን ጉልበት እየነቀነቀች።

ራንዲ አላለቀሰችም። በአገሯ በኖርዌይ ሰው ልጁን ሲቀብር ከንፈሩን ነክሶ ይቆማል እንጂ ደረት አይመታም። እዚህ የሊባኖስ ተራራ መንደር ውስጥ ግን ሴቶቹ ነጩን የሬሳ ሣጥን ከበው፣ ሟቹ ሳያገባ የሞተ ወጣት ነውና፣ የሠርግ ዘፈን እየዘፈኑ ያለቅሱለታል። ከደጅ የገባችው ሁሉ እፍኝ ሩዝ ትበትንበታለች። ስኳር የሌለው የለቅሶ ቡና ይዞራል። ራንዲ በወጣትነቷ እዚሁ ቤት በምራትነት ኖራለች፤ ቋንቋውንም ወጉንም ታውቃለች። ዛሬ ግን ሁሉም ተደበላልቆባት፣ ልጇን እየዳረች ይሁን እየቀበረች ግራ ገብቷታል።

ከሁሉ የከበዳት የታኑስ ጥያቄ ነበር። የቀድሞ ባሏ ጠዋት በር ላይ ጠብቆ፣ ዓይኗን ሳያይ፣ «ልጁ ያንቺም ነው። ወደ አገሬ እወስደዋለሁ ካልሽ አልከለክልሽም። ብቻ የቀትር ደወል ሳይደወል ቁርጡን ንገሪኝ፤ መቃብሩን ላስከፍት ወይስ ልተወው?» ብሏት ወንዶቹ ወደተቀመጡበት አዳራሽ ሄደ። የመጣችው ልትወስደው ነበር። መንገዱ በረዶ ሠርቶ የናዲም መኪና ገደል ገባ ብለው ከደወሉላት ጀምሮ ያሰበችው፣ ከአባቷ መቃብር ጎን ልታሳርፈው ነው። እዚህ ከደረሰች ወዲህ ግን የሚወራለት ልጅ ሁሉ የእሷ ልጅ አልመስል አላት።

«ናዲም እኮ ሰው ማስቀየም አያውቅም ነበር» አለች ጎረቤቲቱ ሙንታሃ፣ ሲኒዋን እያስቀመጠች። «በበጋ በረዶው ሲጠፋ፣ ጎማ ያለው ስኪ አድርጎ በአስፋልቱ ሽቅብ ሲለማመድ፣ የአውቶቡሱ ሹፌር ቡትሮስ እያየ አንጀቱ አይችልም። ‹ና ግባ ልጄ፤ አባትህ ቆንቋና ነው እንዴ መሳፈሪያ የሚነፍግህ?› ይለዋል። ናዲምም ቡትሮስን ቅር እንዳይለው ይሳፈርለታል! ላይ ሲደርሱ አመስግኖ ይወርድና፣ ቁልቁል ተመልሶ ዳገቱን እንደ አዲስ ይጀምረዋል።»

ሴቶቹ እንባቸውን ሳያብሱ ሳቁ። ራንዲ አልሳቀችም። እሷ የምታውቀው ናዲም ኮስታራ ነበር። ከአባቱ ተለያይታ ወደ ኖርዌይ ይዛው ስትመለስ ገና ሕፃን ነበር። በረዶ ላይ በስኪ መንሸራተት ያስተማረችውም እሷ ናት፤ ራሷም በዘመኗ ተወዳዳሪ ነበረች። ልጅ ሳይራመድ ስኪ በሚነዳበት አገር፣ ናዲም ሁልጊዜ ከእኩዮቹ ኋላ እየቀረ ጓንቱን ነክሶ ያለቅስ ነበር። የኖርዌይ ቡድን አልፈልግህም ሲለው፣ «ለአባቴ አገር እወዳደራለሁ» ብሎ ሄደ። «ስለሚቀልልህ ነው» አለችው በንዴት።

በዓለም ሻምፒዮናው ቀን በቴሌቪዥን አየችው። የሊባኖስን የዝግባ ዛፍ ዓርማ ደረቱ ላይ አድርጎ ተነሣ። የመጀመሪያው ዳገት ላይ ግን እግሩ አልይዝ አለው፤ አንድ እርምጃ ሲወጣ ሁለት ተንሸራቶ ይመለሳል። ዳገቱን ሁሉ በክንዱ ራሱን እየጎተተ የመጨረሻ ሆኖ ገባ። ነገሩ ወዲያው ገባት። የስኪው ጫፍና ጫፍ የሚያንሸራትት ሰም ይቀባል፤ ከእግር ሥር ያለው መሀሉ ግን በረዶውን ቆንጥጦ የሚይዝ ሰም ነው የሚያስፈልገው። መሀሉን ያበላሸ ዳገት አይወጣም። ያንን ገና በሕፃንነቱ አስተምራዋለች። ደውላ «ስኪህን ማን ነው የቀባው?» ብላ ጮኸችበት።

«እኔ ነኝ፣ እማዬ» አለ። ከዚያም ሳቀ። በዚያ ውርደት ላይ መሳቁ እስከ ዛሬ አልገባትም።

«ለዚያ ትልቅ ውድድር እኮ እኔም አብሬው ሄጃለሁ!» አለች ዋዲዓ፣ እንባዋን በሻሿ ጫፍ እየጠረገች። የታኑስ ታላቅ እህት ናት፤ ናዲም ወደ መንደሩ ከመጣ ጀምሮ ያበላችውና ያጠበችለት እሷ ነች። «ያንን የፈረንጅ ሾርባቸውን እየበላ ይሩጥ እንዴ? ጠዋት ቁርሱ ላይ እያለ፣ ስኪውን ገለበጥኩና ከገዳሙ ያመጣሁትን የተባረከ ሻማ ልክ ከእግሩ ሥር፣ ከመሀሉ ላይ ደህና አድርጌ አሸሁበት። እመቤታችን እግሩን እንድትይዝለት ብዬ ነዋ! ያዘችለትም። ስንቱ ወድቆ በቃሬዛ ሲወጣ የኔ ልጅ በሁለት እግሩ ገባ። አቅፎ ምን አለኝ መሰላችሁ? ‹አክስቴ፣ ያለ ሻማሽ አልጨርሰውም ነበር።›»

ራንዲ ሲኒዋን አስቀመጠች። «ዳገቱን የነሣው ያንቺ አንሸራታች ሻማ ነው» የሚለው ቃል ከአፏ ደርሶ ተመለሰ። ተናደደች። ወዲያው ደግሞ ኮራች፤ ቀናችም። ልጇ ሆድ ይፍጀው ብሎ ጥፋቱን ሁሉ ለራሱ ወስዷል። ለአክስቱ ራርቶ፣ ለእናቱ እውነቱን ያልነገራት ዋዲዓ ላይ እንደምትጮህባት ስላወቀ ነው። ያን ጊዜ ብትሰማ ደግሞ በርግጥ ትጮህባት ነበር። ያ ጓንቱን ነክሶ የሚያለቅሰው ልጅ እንዲህ ያለ ሰው የሆነው መቼ ነው? እሷ የት ሆና?

ታኑስ ቆቡን በእጁ ይዞ በሩ ላይ ብቅ አለ። የቀትሩ ደወል ተቃርቧልና መልሷን ቆሞ ጠበቀ።

የታኑስን ጥያቄ ያላወቀችው ዋዲዓ ግን ከኪሷ በመሐረብ የተጠቀለለ የሻማ ቁራጭ አወጣች። «ስኪው አብሮት ይገባል» አለች። «መቃብራችን ዳገት ላይ ነው፤ እግሩን ያዳልጠዋል። ዛሬ ግን እናቱ እያለች እኔ አልቀባም። እንኪ።»

ራንዲ ሻማውን ተቀበለች። ግድግዳውን ተደግፎ የቆመውን ስኪ አንሥታ ጉልበቷ ላይ ገለበጠችው። ሕፃን ሳለ አውራ ጣቱን ይዛ «እዚህ ጋ የሚያንሸራትት ሰም በጭራሽ» ያለችውን ቦታ በራሷ አውራ ጣት ፈልጋ አገኘችው።

«እዚህ ነው?» አለች፣ እንደማያውቅ ሰው።

«እዚያው ነው። አጥብቀሽ ቀቢው።»

ታኑስ ጥቂት አያትና ቆቡን አድርጎ መቃብሩን ሊያስከፍት ወጣ። ራንዲ እንባዋ ስኪው ላይ እየወረደ፣ በእጅጌዋ እያደረቀች፣ ሻማው እስኪያልቅ ቀባችው።