ልጅቱ የምትከፍታቸው ገጾች

ጡረተኛው ሾፌር ልጁን የሚያገኛት በዶሮ ሰበብ ነበር። እንዲያው በባዶው ደውሎ "ናፈቅሽኝ" ማለት አይሆንለትም። እንዲህ ያሉ አባቶች ብዙ ናቸው፣ ልጆቼ፤ ፍቅሩ ሆዳቸውን ሞልቶ አፋቸው ላይ ሲደርስ ይደርቃል። ስለዚህ አንዷ ዶሮ ስታስነጥስ ይደውላል። ፍየሏ ቅጠል ስታማርጥ ይደውላል። ልጁ የከብት ሐኪም ናት፤ ግማሽ ቀን በመኪና የሚያስኬድ ቦታ ነው የምትሠራው። የከብት ሐኪምን ስለ ዶሮ ቢጠይቋት ደግሞ ምን ነውር አለው?

ጉንዳን ነው የሚላት። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ቁጭ ማለት አታውቅማ።

መጨረሻ የመጣች ጊዜ አሮጌ ስልኳን ይዛለት መጣች።

"አባዬ፣ እዚህ ውስጥ የእንስሳት ሕክምና መጽሐፍ ጭኜልሃለሁ። እኛም ሥራ ላይ የምናየው እሱን ነው። በሽታው አለ፣ ምልክቱ አለ፣ የመድኃኒቱ መጠን አለ። በቋንቋችን ስለሆነ አትቸገርም። እንስሳውን እዚህ ጋ ትመርጣለህ፣ ምልክቱን እዚህ ጋ ትነካለህ፣ አለቀ።"

"ብሳሳትስ?"

"ዶሮ ናት እኮ አባዬ! እንግዲህ ዶሮ ባስነጠሰች ቁጥር ሥራ ላይ አትደውልልኝም ማለት ነው።"

እየሳቀች ነው ያለችው። እሱም ሳቀ። መኪናው ከታጠፈ በኋላ ግን ስልኩን መዳፉ ላይ እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ያቺኑ አንዲት ሰበቡን በገዛ እጇ ወስዳበት ሄደች።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ወንበር አለ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ አንደኛው የታጠበ ልብስ ማስቀመጫ ሆኗል። ሾፌሩ ከዚያ ልብስ ትይዩ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካ ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ታዲያ እሱ ያልከፈተውን ነገር አየ። ከመጽሐፉ የመጀመሪያ ገጽ ግርጌ "በቅርቡ የተከፈቱ" የሚል ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ "የበግ እግር መበስበስ" ይላል። እሱ በግ የለው! ጣቴ ስቶ ይሆናል አለ። ከምሳ በኋላ "የጥጃ ተቅማጥ" ተጨመረበት። ትንሽ ቆይቶ "አስቸጋሪ ወሊድ፣ ላም"።

ያኔ ገባው። ልጁ መጽሐፉን የጫነችለት በራሷ ስምና በራሷ የይለፍ ቃል ነው። እሷ እዚያ የምትከፍተው ገጽ እዚህም ይታያል።

ከዚያ ወዲያ ቀኑ መልክ ያዘ። እሷ ስትከፍት እሱም መነጽሩን አድርጎ ይከፍታል። ስለ ጥጃው ታነባለች፣ ስለ ጥጃው ያነባል። ብዙ ሰዓት ምንም ካልመጣ "መንገድ ላይ ናት" ይላል። የላሟ ወሊድ ዕለትማ እሱም አብሮ አማጠ ማለት ይቻላል፤ የጥጃው አንገት ወደ ኋላ ከዞረ እንዴት እንደሚመለስ እያነበበ ክንዱን በአየር ላይ ሲያዞር ዋለ። አመሻሽ ላይ ገጹ ጸጥ ሲል "አሁን ቤቷ ገባች" ይልና ሾርባውን ያሞቃል። ሁለት ሰው የሚበላበት ቤት ይመስለዋል።

ሰፈሩ ውስጥ ያለው ፀጉር አስተካካይ ነገር ወዳጅ ነው።

"ጋሼ፣ ዓይንዎ ከስልኩ ላይ አልነሳ አለ እኮ! ፍቅር ያዘዎት እንዴ?"

"ያዘኝ። የላም ጡት ሲያብጥ ምን እንደሚደረግ እያነበብኩ ነው።"

"ኧረ ጉድ! ፍየልዎ ሳትሰማ ይቺን ነገር ይተዉ።" ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን አቆም አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀ። "ልጅዎስ ትደውላለች?"

"ሥራ በዝቶባት ነው። ዛሬ ብቻ ሁለት ላም አክማለች።"

"ሳትደውል በምን አወቁ?"

"አባት አይደለሁ!" አለ ሾፌሩ፤ ወዲያው ግን አንገቱን ወደ መስታወቱ መለሰ።

አንድ ማለዳ "ላም፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ መዋጥ አለመቻል" የሚል ገጽ ተከፈተ። ቀጥሎ "ጉሮሮ ላይ የተሰነቀረ ነገር"። ሾፌሩ አነበበ፤ የላሟን አፍ ከፍቶ ይዞ እጅን ወደ ውስጥ እየሰደዱ መፈለግ ነው ይላል። ልጁ ስትፈልግ ታየችው። "ጓንት ጣቴን ያሳውረዋል" ነው የምትለው ሁልጊዜ። ፈገግ አለ።

በማግስቱ የመጣው ገጽ "የእብድ ውሻ በሽታ፣ በቀንድ ከብት" የሚል ነበር።

ቀስ ብሎ አነበበው። እብድ ውሻ የነከሳት ላም ምራቋ ይዝረበረባል፣ መዋጥ ያቅታታል። ብዙ ባለሙያ ጉሮሮዋ ላይ አንድ ነገር የተሰነቀረ መስሎት ባዶ እጁን ይከታል። በሽታው በምራቋ በኩል፣ በትንሽ ጭረትም ቢሆን ወደ ሰው ይገባል። ፈገግታው ከፊቱ ላይ ጠፋ። ቀጥሎ "ለበሽታው የተጋለጠ ሰው" የሚለው ገጽ ተከፈተ። ከሰዓት በኋላ ያው ገጽ እንደገና ከላይ መጣ። በነጋታው ጠዋትም እንደገና። በዚያ ቀን ሌላ ምንም አልተከፈተም።

ደወለ።

"አባዬ! ምነው፣ ፍየሏ ታመመች እንዴ?"

"ደህና ናት። አንቺስ?"

"እኔ ምን እሆናለሁ። ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ ልደውልልህ።"

አልደወለችም።

ሾፌሩ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ቢነግራት ከኋላዋ ሲያነብ እንደከረመ ታውቃለች። ካወቀች ትዘጋዋለች። ከተዘጋበት ደግሞ ምን ይቀረዋል? ልብስ የተከመረበት ወንበር። እውነቱን ልንገራችሁ፣ አመነታ። አትፍረዱበት፤ ብቸኛ ሰው ያለችውን ቀዳዳ በገዛ እጁ መድፈን ይከብደዋል። ከዚያ ዓይኑ ገጹ ላይ ካለች አንዲት መስመር ላይ አረፈ፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ትላለች። እንደገና ደወለ።

"ጉንዳን፣ እጅሽን ላሟ አፍ ውስጥ ከተሽዋል?"

ከጀርባዋ የብረት በር ሲንኳኳ ይሰማል።

"የቷ ላም?"

"ምራቋ የሚዝረበረበው።"

"ማን ነገረህ?"

"አንቺ የምትከፍቺው እዚህም ይታያል፣ ልጄ። አነበዋለሁ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"አባዬ፣ እኔ እኮ የምከፍተው የማላውቀውን ነው! ባለከብቶቹ እንዳያዩኝ መኪናው ጀርባ ሄጄ ነው የማየው። አንተ እዚያ ቁጭ ብለህ የማላውቀውን ስትለቅም ከረምክ?"

"እኔ ያየሁት ሳታረጋግጪ መርፌ የማትወጊ መሆንሽን ነው። ስላነበብኩት ኋላ ትቆጪኛለሽ። እጅሽ ላይ ቁስል አለ?"

"ሽቦ የቧጠጠኝ አለ።"

"ታጠብሽው?"

"በሳሙና፣ ደጋግሜ። ክትባቱ ያለው ከተማ ሆስፒታል ነው። ላሟ ሞታለች፣ ናሙናዋ ተልኳል፤ ውጤቱ ይምጣና እሄዳለሁ። ደግሞ ተማሪ ሳለሁ ተከትቤያለሁ።"

ሾፌሩ መነጽሩን አስተካከለና ጣቱን መስመሩ ላይ እያስኬደ እንደ ተማሪ አነበበላት። "'የምርመራ ውጤት አይጠበቅም። ከዚህ በፊት የተከተበ ሰውም በድጋሚ ይከተባል።'"

"አውቃለሁ እኮ!"

"ማወቅሽንማ መች አጣሁት። ሦስት ጊዜ ከፍተሽዋል።"

ልጅቱ አለቀሰች። "ፈራሁ አባዬ። ደግሞስ ምን ይሉኛል? ሐኪም ተብዬ ባዶ እጄን…"

"ይበሉ! አንድ ቀን ማርሽ አሳስቼ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ሲንደረደር ፍሬን ይዤ አቆምኩት፤ ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀብኝ። የሳቀው ሁሉ ግን በሰላም ቤቱ ገባ። ተነሺ፣ ልጄ። አሁኑኑ።"

"እሺ" አለችና ዘጋችው።

አመሻሽ ላይ መልእክት መጣ። "ተወጋሁ። ሁለተኛው ከሦስት ቀን በኋላ ነው።" ሌላ ቃል የለበትም።

ጠዋት ስልኩን ሲከፍተው መጽሐፉ ስምና የይለፍ ቃል ጠየቀው። ቀይራዋለች። ገምቶ ልሞክር አላለም። ስልኩን አጠፋና መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠው። ቀኑ ረዘመበት። መንገድ ላይ ትሁን፣ ቤቷ ትግባ የሚያውቅበት የለውም። ሾርባውን አንዳንዴ ገና በጊዜ ያሞቀዋል፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይረሳዋል።

"ጋሼ፣ ዛሬስ ስንት ላም ታከመ?" አለው ፀጉር አስተካካዩ።

"እንጃ" አለ። ፀጉር አስተካካዩም ቀልዱን ተወው።

የሁለተኛው መርፌ ቀን አለፈ። አንድ ቀን ጨመረና፣ ደወለ። ምንም ሰበብ አልነበረውም፤ ዶሮዎቹ ደህና ናቸው፣ ፍየሏም ደህና ናት። ይህንኑ ነገራት።

"እና?" አለችው።

"እና… ሁለተኛውን ተወጋሽ?"

"ተወጋሁ። የላሟ ውጤት መጣ።"

"ምን አለ?"

"እሱው ነው።"

ትንፋሿ ይሰማዋል። ቁጣዋ ይብረድ አይብረድ አላወቀም፤ ግን አልዘጋችውም።

"ዛሬስ ምን ስታክሚ ዋልሽ?" አላት በመጨረሻ። ይህን ጥያቄ በሕይወቱ ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"አህያ።"

"ምን ሆኖ?"

"ሆዱን አሞት።"

"ይድናል?"

"ነገ ነው የሚለየው።"

"እንግዲያው ነገ እደውላለሁ።"

ትንሽ አሰበች። "ወደ ማታ አድርገው" አለች። "ቀን ስልክ የማይሠራበት መንደር ነኝ።"