ስልክ የሌለበት እሑድ

እህተማርያም በዚያ እሑድ ጠዋት ናይሮቢ፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ ሙሉመቤት በር ላይ ስትደርስ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም። ፊቷን ሁለቴ ታጥባ ኩሏን ደህና አድርጋ ተኩላለች። ያለቀሰ ዓይን ኩል ሲኳል ይደበቃል ያላት ማን እንደሆነ እንጃ። የመጣችው ልትዋሽ ነው፤ ያውም የዐሥራ አንድ ዓመት ጓደኛዋን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉመቤት እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታናሽ ወንድሟ ይድነቃቸው፣ ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ መውጫ ላይ አይሱዙ ገጭቶት ሞቷል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ዘመድ አዝማዱ የደወለው ለእሷ አይደለም፤ እንደ ወጉ ለናይሮቢው እድር ሊቀመንበር ለጋሽ ዓምደሚካኤል ነው። እሳቸውም ከሁለት ሽማግሌ ጋር ተማክረው ቆረጡ፤ መርዶው ሰኞ ንጋት ላይ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ በወጉ ይነገራል። "ደም ብዛት አለባት። ብቻዋን አውሮፕላን ላይ ብትወድቅስ? አንቺ ዛሬን ከስልክና ከሰው አርቂያት" አሏት እህተማርያምን። ቅዳሴም እንዳትሄድ፤ እዚያ አንዷ ታያትና እንባዋን ትዘረግፍባታለች። ሁሉን አሰቡ፣ ደጎች ናቸው። ሙሉመቤት ራሷ ምን እንደምትፈልግ ግን የጠየቀ አንድም አልነበረም።

እህተማርያም ግን የምትፈልገውን ታውቃለች። የሙሉመቤት አባት ያረፉ ጊዜ ሙሉመቤት በሞያሌ በኩል መንገድ ላይ ነበረች፤ መርዶውን የሰማችው በሦስተኛ ወሩ ነው። "ሰው ሁሉ እያወቀ እኔ ስበላ ስጠጣ፣ አባቴን አፈር ሳላለብስ" ብላ ስንት ቀን አልቅሳለች። ከዚያ አንድ ቀን የእህተማርያምን እጅ ይዛ፣ "የኔ ሰው የሞተ እንደሆነ ያኔውኑ ንገሪኝ። ቃል ግቢልኝ" አለቻት። እህተማርያምም በእመቤታችን ስም ማለችላት።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ አውሮፕላን አለ። ባዶ ወንበር እንዳለው እህተማርያም ጎህ ሳይቀድ በስልኳ አይታለች። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ኤርፖርት ከተነሱ ቀብሩ ይደረሳል። መኪናዋን ስታቆም ይህን እያሰበች ነበር፤ ግን ከአፏ የወጣው ሌላ ነው።

"ተነሽ፣ ልደቴ ነው። ጫካ ልወስድሽ ነው።"

"ልደትሽ ግንቦት አይደል እንዴ?"

"እሱ የፓስፖርቱ ነው።"

ሙሉመቤት ከት ብላ ሳቀች። ምግብ ቤቷን እሑድ ዘግታ አታውቅም፤ ግን ለልደት እምቢ ማለትም አልቻለችም። ቁልፉን ለሠራተኞቿ ትታ ተከተለቻት።

በጊጊሪ ሰፈር በኩል ባለው የጫካ በር ላይ እህተማርያም "የልደቴ ሕግ ነው" ብላ የሙሉመቤትን ስልክ ተቀብላ መኪናው ዳሽቦርድ ውስጥ ቆለፈችው። የራሷን ለፎቶ ብላ ያዘች። መግቢያውን ከስልኳ በኤም-ፔሳ ከፈለች፣ ጥበቃው የመኖሪያ ካርዳቸውን አይቶ "ካሪቡ"፣ እንኳን ደህና መጣችሁ፣ አላቸውና ገቡ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ነበር።

ጥቂት እንደሄዱ ሙሉመቤት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። "ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ዛፍ ያየሁት በመኪና መስኮት ነው። በስመ አብ፣ ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ?"

"ሙሉዬ" አለች እህተማርያም። "አንድ ነገር ልነግርሽ ነበር።"

"ቆይ፣ ቆይ፣ ዝንጀሮዋን እያት! ልጇን አዝላለች!" ሙሉመቤት በባዶ እግሯ ቆማ፣ አፏን ከፍታ እንደ ሕፃን ታያለች። ያን ፊት እህተማርያም ከዚያ በፊት አይታው አታውቅም። ጫካው ውስጥ ካለው ፏፏቴ እስክንደርስ ልተዋት፣ ከዚያ እነግራታለሁ አለች በልቧ። ፏፏቴው ጋ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት ሆኗል።

አበቃ። አሁን ብትነግራት ምን ሊፈይድ? ወንድምሽ ሞቷል፣ አውሮፕላኑም አምልጦሻል ልትላት? እህተማርያም ፊቷን አዙራ ውሃ የረጫት መስላ ዓይኗን ጠረገች። ስልኳ ላይ የጋሽ ዓምደሚካኤል መልእክት ገባ፤ "ደህና ናችሁ? በርቺ" ይላል። ምኑን ነው የምትበረታው?

የቀረውን ቀን ሙሉመቤት ነበረች የምታወራው። የምታወራውም ስለ ይድነቃቸው ነው። "ለገና ይመጣል። እዚህ ነው የማመጣው። ሕፃን ሳለ ብስክሌት ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ታውቂያለሽ? ከኋላ ኮርቻውን ይዤ እሮጣለሁ፣ እሱ እንዳትለቂኝ ይላል። እኔ ግን ራሴ መንዳት አልችልም ነበር።"

ምሳ በልተው ወደ በሩ ሲመለሱ ሙሉመቤት የሚከራይ ብስክሌት አየች። ካልሞከርኩ አለች። እህተማርያም ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል። አሁን ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቷል፤ አሁን ሰዉ ጉድጓዱን ከብቧል።

ሙሉመቤት ሁለቴ ወደቀች። በሦስተኛው ሄደች። ቀሚሷን ሰብስባ፣ እየተንገዳገደች፣ ዛፎቹ መሃል ባለው ቀይ መንገድ ላይ እየሳቀች ሄደች። "እህቴ፣ ፎቶ አንሺኝ! ለይድነቃቸው እልክለታለሁ!"

እህተማርያም አነሳቻት። ሌላ ምን ታድርግ? ለማታም ሰበብ አላጣችም፤ ሙሉመቤትን ማታ እሷው ቤት ፓርክላንድስ አሳደረቻት፤ ስልኩም ባትሪ ጨርሷል ተባለ።

ሰኞ ንጋት ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዓምደሚካኤል ከፊት፣ ከኋላቸው ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሙሉመቤት ከአልጋዋ ወርዳ ስታያቸው ማን እንደሞተ ብቻ ጠየቀች። ሲነግሯት መሬት ላይ ወድቃ የጮኸችው ጩኸት ፎቁን ሁሉ ቀሰቀሰ። ደረቷን እየደቃች ስሙን ጠራች። ሴቶቹ ያዟት። ጋሽ ዓምደሚካኤልም "አይዞሽ፣ በክብር ተቀብሯል" አሏት።

ያኔ ቀና ብላ እሳቸውን አለፈቻቸውና እህተማርያምን አየቻት።

"መቼ ተቀበረ?"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"እህተማርያም፣ አንቺን ነው። መቼ?"

"ትናንት። ዘጠኝ ሰዓት።"

ሙሉመቤት እጇን ዘረጋች። "ስልክሽን ስጪኝ።" እህተማርያም ሰጠቻት። ፎቶውን ከፈተችው፤ ብስክሌቱን፣ ቀሚሷን፣ የተከፈተ አፏን አየች። ከላይ የተጻፈውን ሰዓትም አየች።

"አውሮፕላን ነበር?"

እህተማርያም ዳግመኛ መዋሸት አልቻለችም። "ነበር። ልነግርሽ ነበር፣ ሙሉዬ። ስትስቂ ሳይሽ… ትንሽ ልተውሽ ብዬ ነው።"

ሙሉመቤት ስልኩን እጇ ላይ መለሰችላት። አልጮኸችባትም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፣ ወደ ሌሎቹ ሴቶች ተጠጋችና ቁጭ አለች።

"ይቺን ሴትዮ ከፊቴ አንሱልኝ" አለች ቀስ ብላ።

ቤቱ የእህተማርያም ነበር። እሷ ግን ጫማዋን ይዛ ወጣች፤ ለቅሶው እስኪበተን ድረስ ደረጃው ላይ ተቀምጣ ዋለች።