የበረኪና ሐዘን

እናቴ የሞተች ዕለት አላለቀስኩም።

ድንኳን ተተክሏል፣ የእድሩ ወንበር ተደርድሯል፣ አክስቶቼ ከአዲግራት ገብተው ደረታቸውን እየመቱ ነው። እኔ የድንኳኑን ቋሚ እቆጥራለሁ። አሥራ አራት ነው። ጎረቤታችን እትዬ ጀማነሽ፣ የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናቸው፣ ከጎኔ ተቀምጠው በነጠላቸው ሥር ክንዴን ቆነጠጡኝ። ቀላል ቁንጥጫ እንዳይመስላችሁ፣ ጥፍር ያለበት ነው።

«ካንጀትሽ አልቅሺ እንጂ! ሰው እያየሽ ነው» አሉኝ በሹክሹክታ።

ስላሳዘኑኝ ሞከርኩ። አፌን ከፈትኩ። የወጣው ማዛጋት ነው። በማግስቱ ሳየው ክንዴ ጠቁሯል፤ ሲቆነጥጡኝ ግን ምንም አልተሰማኝም ነበር።

ሦስት ዓመት አገላብጬ፣ አጥቤ፣ አጉርሼ ያስታመምኳት እኔ ነኝ። ይህ ለለቅሶ አይታሰብም። በእኛ ግቢ ሐዘን የሚለካው በዓይን ነው። አርባው ሳይወጣ «ደረቅ ናት» ተባለ። ከአርባው በኋላ «ተገላገልኩ ብላ ነው» ተባለ። የተባለውን ሁሉ ሰማሁ፤ የግቢያችን ግድግዳ ጭቃ ነው፣ ወሬ አይዝም።

ዋና የጀመርኩት በነሐሴ ነው። ከእናቴ ሞት በፊት፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ አብራኝ የምትሮጥ ሰምሃል የምትባል ልጅ ደቡብ አፍሪካ ለሚደረግ ረጅም ርቀት ትራያትሎን አስመዝግባኝ ነበር። «ሦስት ነገር ነው» አለችኝ፣ «መዋኘት፣ ብስክሌት፣ ሩጫ። ሁለቱን ትችያለሽ፣ በቃ።» ከዚያ ጉልበቷን ታመመችና እሷ ቀረች። እኔ የምቀርበት ምክንያት አላገኘሁም። የምሄድበትም አልነበረኝም፤ ግን ስሜ ተጽፏል።

ካዛንቺስ ከቤታችን ብዙም የማይርቅ ሆቴል ውስጥ ሃያ ሜትር ገንዳ አለ። እንግዶቹ ሳይነሱ፣ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ፣ የሰፈር ሰው ይዋኝበታል። ጠባቂውም አስተማሪውም ጋሽ ተከስተ ናቸው። ድሮ ባሕር ኃይል ነበሩ። የቀረውን ክረምት ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፣ ሻርፓቸውን ሳይፈቱ፣ ከላስቲክ ወንበራቸው ሳይነሱ ዋና አስተማሩኝ።

«ውሃውን አትምቺው። ምን አደረገሽ?»

«እሺ ጋሼ።»

«እግርሽ ብስክሌት እየነዳ ነው። ብስክሌቱ በኋላ ነው የሚመጣው።»

አንድ ቀን «እርስዎ ግን ለምን አይገቡም?» አልኳቸው።

«እዚህ? ምጽዋ የዋኘ ሰው?» አሉ፣ ገንዳውን እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ እያዩ። «ጨው ያለው ውሃ ሰው ይሸከማል። ይሄ ራስሽን ራስሽ ተሸከሚ ነው የሚልሽ።»

ራሴን ተሸከምኩ። መጀመሪያ አምስት ሜትር፣ ከዚያ አሥር፣ በመስከረም ከዳር ዳር። አንዱን ከዳር ዳር እሳቸው «አንድ ማዶ» ይሉታል። ውድድሩ ዘጠና አምስት ማዶ ነው። ወደድኩት ማለት አልችልም። ነገር ግን ውሃ ውስጥ «እግዜር ያጥናሽ» የሚል ሰው የለም።

ችግሩ መነጽሩ ነው። ሰምሃል የተወችልኝ የዋና መነጽር ለሷ ፊት የተሠራ ስለሆነ እኔ ላይ ውሃ ያስገባል። በየጠዋቱ ከገንዳው ስወጣ ዓይኔ በርበሬ ይመስላል፤ ዙሪያውን ደግሞ የጎማው ቀለበት ይዞት ያብጣል።

አንድ ቀን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ግቢ ስገባ እትዬ ጀማነሽ በሩ ላይ አገኙኝ። ዓይኔን አዩ። እጃቸው ላይ የነበረውን መጥረጊያ ጣሉት።

«እልል!» ሊሉ ነበር፣ በግማሹ ያዙት። «ውይ ልጄን! አለቀሰች!»

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የግቢው ነው፣ እኔ ምንም አልጨመርኩም። በየጠዋቱ ጎህ ሳይቀድ እየወጣች መቃብር ላይ ስታለቅስ ነው የምትመለሰው ተባለ። አንዳንዶች ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላሙ ላይ አየናት አሉ። ፀጉሬ ከገንዳው ክሎሪን የተነሳ በረኪና በረኪና ስለሚሸት ደግሞ፣ እናቷ የተኛችበትን ክፍል ቀን በቀን በበረኪና ታጥባለች ተባለ። «የት ነበርሽ?» ሲሉኝ አዎም አይም አላልኩም፤ ራሴን ነቅነቅ አደረግኩ። ጥቁር ለብሼ እወጣለሁ፣ ጥቁር ለብሼ እመለሳለሁ። መሃል ላይ የምለብሰው የዋና ልብስም ጥቁር ነው። በዚህ በኩል ሐዘኔን አላጓደልኩም።

ገንፎ ይመጣልኝ ጀመር። ማዶ ያለችው ሩሐማ ከእናቷ ጋር በተጣላች ቁጥር «ምነው እንደ ጽገረዳ ዓይነት ልጅ በሰጠኝ» ትባላለች፤ ጽገረዳ እኔ ነኝ። ሩሐማ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ሰላም አትለኝም፣ እውነቷን ነው። በሠላሳ ስድስት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ ልጅ ተባልኩ። በክሎሪን ነው የተባልኩት፤ ቢሆንም ተባልኩ። አውቄ ያላገኘሁትን ነገር አውቄ መጣል አልፈለግኩም።

ታኅሣሥ ገባ። ሆቴሉ ከሰኞ ጀምሮ ገንዳውን ለጥገና ሊዘጋ ነው፣ የሚከፈተው ከጥምቀት በኋላ። ውድድሩ የጥር መጨረሻ ላይ ነው።

«ቅዳሜ ዘጠና አምስቱን ማዶ እግርሽ መሬት ሳይነካ ትጨርሻለሽ» አሉኝ ጋሽ ተከስተ። «እዚያ የሚፈቀደው ሰባ ደቂቃ ነው። ካልቻልሽ አውሮፕላን ላይ አትወጪም። ሄደሽ ብትሞቺ እኔ ነኝ የምጠየቀው።»

«ማን ነው የሚጠይቅዎት?»

ትንሽ አሰቡ። «ማንም። ቢሆንም።»

ዓርብ ከሥራ ስመለስ እትዬ ጀማነሽ ፍራሻቸውን ጠቅልለው ቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ሴቶቹ መጥተን ጥቁርሽን እናስወልቅሻለን» አሉ። «ዓመት እንዳልሞላ አውቃለሁ። ግን ዓይንሽ ሊጠፋ ነው፣ በቃሽ። እስከዚያ ብቻሽን የትም አትወጪም። እዚሁ ነው የማድረው።»

«እትዬ፣ አያስፈልግም፣ ማለቴ…»

«ዝም በይ። በእናትሽ ቦታ ነኝ።»

ፍራሻቸውን በሩ ሥር አነጠፉት። በጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ቦርሳዬን ይዤ በጣቴ ቆሜ ልሻገራቸው ስል፣ ለካ ነጠላቸውን አጣፍተው ጫማቸውን አድርገው ነበር የተኙት።

«ሂጂ፣ ምሪኝ» አሉ። «መቃብሩ ከሆነ አብሬሽ አለቅሳለሁ። የእናትሽን ሐዘን ብቻሽን አልቅሺ አልልሽም።»

ተከታትለን ወጣን። መንገዱ ጥግ ላይ ግራው ወደ ቂርቆስ ነው፣ ቀኙ ወደ ሆቴሉ። ወደ ግራ ብታጠፍ አንድ ሰዓት ደጀ ሰላሙ ላይ ተቀምጬ፣ ዓይኔን በእጄ አሽቼ፣ ጥሩ ልጅ ሆኜ እመለሳለሁ፤ ውድድሩ ግን ቀረ። አሥር ሰከንድ ያህል ቆምኩ። እትዬ ጀማነሽ ጸሎት የጀመርኩ መስሏቸው አማተቡ። ወደ ቀኝ ታጠፍኩ።

ገንዳውን አዩ። ጋሽ ተከስተን ከነሻርፓቸው አዩ። ከዚያ እኔን ጥቁር ቀሚሴን ሳወልቅ አዩኝ።

«በስመ አብ ወወልድ! ጽገረዳ! ከሥር የለበስሽው እሱን ነው?»

«አዎ እትዬ።»

«በሐዘንሽ?»

«ጥቁር ነው» አልኳቸው።

ውሃው ውስጥ ገባሁ።

ስትዋኙ ጆሯችሁ የሚከፈተው ስትተነፍሱ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ዓለምን በቁራጭ ነው የምትሰሙት። የመጀመሪያዎቹን ማዶዎች እንዲህ ሄድኩ። «…ልጅቷን ልትገላት ነው አንተ ሰውዬ…» ውሃ። «…እመቤቴ፣ ይቀመጡ፣ ወንበር…» ውሃ። «…ደግሞ ካፖርት ለብሶ…» ውሃ። «…ለርስዎም ሻይ ይምጣ…» ውሃ። «…ጾም ነው፣ ገና አሥራ ሁለት ሰዓት…» ከሠላሳ በኋላ ድምፃቸው ጠፋ። ወይ ታረቁ፣ ወይ እኔ መስማት አቆምኩ።

ከሃምሳ በኋላ ክንዴ የኔ መሆኑን ተወ። ይነሳል፣ ይወርዳል፣ የሰው ዕቃ ይመስላል። እናቴን ሳጥባት አንገቷን በግራ እጄ እይዝ ነበር። ውሃው ቢሞቅም ባይሞቅም «ቀዘቀዘ» ትላለች። አንድ ጊዜ «አልቀዘቀዘም» ብዬ ተቆጣኋት። ሰማንያኛው አካባቢ ይሄ መጣብኝ፣ ሌላ ነገር አልመጣም። መነጽሬ ውስጥ የነበረው ውሃ እስከ ቅንድቤ ደርሷል። የገንዳው ነው። ሁልጊዜም የገንዳው ነው።

ግድግዳውን ስነካ ጋሽ ተከስተ ከላይ ጮኹ። «ዘጠና አምስት! ውጪ!»

«ቆይ!» አሉ እትዬ ጀማነሽ። «ዘጠና ሁለት ነው!»

አንድ እጄን ጠርዙ ላይ፣ እግሬን ውሃው ላይ አድርጌ ቀረሁ።

«እመቤቴ፣ እኔ በቆርኪ ነው የምቆጥረው። በየማዶው አንድ ቆርኪ ከኪስ ወደ ኪስ።»

«እኔ በመቁጠሪያ። እንዳትሰጥም በየማዶው አንድ እግዚኦ ብያለሁ። ሁለት ጊዜ አርባ አንድ፣ ከዚያ አሥር። ሻይህ ሲመጣ ሦስት ቆርኪ ባንዴ ነው የጣልከው፣ አይቼሃለሁ።»

ጋሽ ተከስተ ኪሳቸውን ዳሰሱ።

እትዬ ጀማነሽ ወደ ጠርዙ መጥተው ጎንበስ አሉ። «ሂጂ ልጄ። ሦስት ይቀርሻል። በውሸት አትወጪም!»

ሦስቱን ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ ክንዴን ጠይቁት።

ተጎትቼ ስወጣ ጋሽ ተከስተ ሰዓታቸውን ያያሉ። «ሰባ አንድ ደቂቃ» አሉ። «አንዷ ደቂቃ የክርክሩ ናት» አሉ ቀጥለው፣ እትዬን በጎን እያዩ። «ባሕሩ ደግሞ ጨው አለው። ትሄጂያለሽ።»

መነጽሬን አወለቅኩ። እትዬ ጀማነሽ ዓይኔን አዩ፣ ቀለበቱን አዩ። እርጥብ ፀጉሬን ወደ አፍንጫቸው አቅርበው አሸተቱት።

«በረኪና» አሉ።

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ጠዋት?»

«ይሄን ሁሉ ጠዋት።»

«መቃብሩ ጋ አንድ ቀን እንኳ?»

«አንድ ቀን እንኳ።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ጥሩ ልጅነቴ ገንዳው ዳር እንደ ቆርኪ ተበትኖ ይታየኛል። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ክንዴን ያዙ፣ በለቅሶው ዕለት የያዙበትን ቦታ አገኙትና ቆነጠጡኝ። ጥፍር ያለበት ነው።

«አ!» አልኩ። «እትዬ፣ ያማል!»

«ያማል?»

«በጣም።»

አልለቀቁም፤ ትንሽ ቆይተው ነው የለቀቁኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አውልቀው ትከሻዬ ላይ ጣሉና ወደ ጋሽ ተከስተ ሰዓት ዞሩ።

«ሴቶቹ ሦስት ሰዓት ነው የሚመጡት» አሉ። «መነጽሩን መልሰሽ አድርጊው። ሳያዩት ቀለበቱ ሊጠፋ ነው።»

አደረግኩት። እስከ ግቢው በር ድረስ መነጽር አድርጌ፣ በጥቁር ቀሚሴ ላይ ነጠላ ለብሼ፣ ክንዴን እያሸሁ ሄድኩ። በር ላይ ሳወልቀው ክንዴ ገና እየጠዘጠዘኝ ነበር።