ከፎቶው ሥር ያለው መስመር

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፤ ከሥሩ ያለውንም የጻፍኩት እኔው። የሚያሳፍረኝ ሁለተኛው ነው።

የግል ጋዜጣ እንደ አሸን የፈላበት ጊዜ ነበር። ለፋሲካ ገበያ ዘገባ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ሄጄ እትዬ ውባንቺን ከበርበሬ ቁልላቸው ኋላ ሲስቁ አነሳኋቸው። ከወር በኋላ ጋዜጣችን ሸክላ ፈጭተው ከበርበሬ ጋር ስለሚቀላቅሉ ሰዎች ዜና ሊያወጣ ሆነ፤ ፎቶ ግን አልነበረንም። ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም። መሳቢያዬን ከፍቼ የእሳቸውን አወጣሁና ከሥሩ "ሸክላ የተቀላቀለበት በርበሬ ለገበያ ቀርቦ" ብዬ ጻፍኩ። ማን ያስተውላል ብዬ! የመርካቶ ሰው ጋዜጣ የማያነብ መስሎኝ።

ሳምንት ሳይሞላ ደንበኞቻቸው እንደሸሿቸው ሰማሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ።

ጋዜጣው ከሚዛኑ በላይ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። ክው አልኩ።

"ውይ አሸብር! ና ና፣ አገር እንዲያውቀኝ አደረግከኝ እኮ!" ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። "ገበያው ግን ምን እንደነካው እንጃ። የማይጠፉት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉኛል።"

ለካ ፊደል አልቆጠሩም።

"በል አንብብልኝ፤ ከጻፈው ሰው አፍ ልስማው።"

እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ወኔ ከዳኝ። ጣቴን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬድኩ፣ "ወይዘሮ ውባንቺ፣ በንጹሕ በርበሬያቸው የታወቁ ነጋዴ" አልኩ። ማንበቤ ነው!

በርበሬ ትቀነጥስ የነበረችው ልጃቸው ሀኒ እጇ ቆመ።

"ሀኒ፣ አንቺ 'የበዓሉ ገበያ ደርቶ ነበር ይላል' አላልሽኝም?" አሉ እትዬ ውባንቺ። "አንድ መስመር ጽሑፍ እንዴት ለሁለት ሰው ሁለት ይሆናል?"

ሀኒ አለቀሰች። "እማዬ፣ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው።"

እሷ የዋሸችው ለእናቷ ብላ ነው። እኔ ለራሴ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እትዬ ውባንቺ ጋዜጣውን ከግድግዳው ነቅለው እጄ ላይ አኖሩት። "አሁን የተጻፈውን አንብብ። ጮክ ብለህ፤ ጎረቤትም ይስማ።"

አነበብኩ። ባለሱቆቹ አንድ ሁለት እያሉ ብቅ አሉ።

"ፎቶው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"በርበሬውስ የኔ ነው?"

"አዎ።"

"ታዲያ ሸክላውን ማን ጨመረበት?"

ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።