አርባ አንድ ሚሊሜትር ዝናብ

ዓርብ ማርች 22፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ ወንዳፍራሽ አትላንታ በሚገኘው ቤቱ የዋይፋዩን ሣጥን ከግድግዳው ነቀለው። ገመዱን ጠቅልሎ የሥራ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተና ወደ ሚስቱ ዞረ።

"ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ ሰዎቹ ነገ ይመጣሉ በያት።"

"የትኞቹ ሰዎች?" አለች ምህረት።

"የኢንተርኔት ሰዎች ነዋ! ኧረ በፈጠረሽ ዛሬ እንኳ ቶሎ ይግባሽ።"

ስልኩ ከደብረ ብርሃን የተደወለው ከግማሽ ሰዓት በፊት ነበር። ምድር ቤት የምትኖረው የኤልፍነሽ አባት፣ አቶ አንዷለም፣ ሌሊቱን አርፈው ነበር። ወንድሟ ለእሷ አልደወለም፤ ለወንዳፍራሽ ነው የደወለው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ገና ሳይነጋ፣ የሚደግፋት ክንድ በግራና በቀኝ ቆሞ ነው የሚነገረው። የዕድሩ ሰብሳቢ አቶ ለገሰ ዛሬ ሁሉም ሥራ ላይ ስለሆነ ነገ ቅዳሜ ንጋት ላይ ይሁን ብለዋል።

"እስከዚያ ከጎኗ አትጥፊ" አለ ወንዳፍራሽ ጫማውን እያሰረ። "እህል ቀምሳ ትዋል። አገር ቤት ያሉትን እንዳይደውሉ አስጠንቅቄአለሁ። ፌስቡክን ግን ማን ይጠብቀዋል? ስልኳ ደግሞ ያለ ዋይፋይ ወደ አገር ቤት አይሠራም፤ እሱ ጠቀመን።"

"እኔ ነኝ የምጠብቃት?"

"ዕረፍትሽ አይደለም እንዴ?"

ዕረፍቷ ነበር። ይህን ዓርብ ግን ለሌላ ነገር ነበር ያሰበችው። ልጇ ማራኪ ትምህርቷን ስትጨርስ ኤልፍነሽን ለብቻዋ ጠርታ ሌላ ቤት እንድትፈልግ ልትነግራት ነበር። ለዚያ የሚሆኑትን ቃላት ሙሉውን ሳምንት ስታዘጋጅ ከርማለች። ወንዳፍራሽ አያውቅም። መኪናውን አስነሥቶ ወደ ኢስት ፖይንት፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ወደሚያመላልስበት ሥራው ሄደ።

ነገሩ የተጀመረው ካቻምና ነው። ማራኪ አንደኛ ክፍል ገብታ በሁለተኛው ወር አፏን ዘጋች። በትምህርት ቤትም በቤትም አንድ ቃል አልተነፈሰችም። አራት ወር እንዲህ ከሆነች በኋላ አስወጧት፤ ቤት ውስጥ እንደሚያስተምሯት የሚገልጸውን ቅጽ ሞልተው ላኩ። ያኔ ኤልፍነሽ በዲቪ ከመጣች ገና ወሯ ነበር። ደብረ ብርሃን ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስተኛና አራተኛ ክፍል አስተምራለች። አብዛኛውን ማታ ሚድታውን በሚገኝ ሆቴል አንሶላ ታጥባለች፤ ጠዋት ጠዋት ማራኪን ታስተምራለች፤ ለምድር ቤቱ ክፍል ኪራይ አትጠየቅም። በሦስተኛው ሳምንት ማራኪ ተናገረች። ጓሮ ውስጥ ዝናብ የሞላውን ጠርሙስ እያሳየች "ሞላ" አለች። ለኤልፍነሽ ነበር ያለችው። ምህረት ያን ሰዓት ብሩክሄቨን፣ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ፣ አንድ ሽማግሌ እያገላበጠች ነበር። በቴክስት ነው የሰማችው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ኤልፍነሽ ከምድር ቤት ወጣች። ኮት ላይ ነጠላ ደርባለች፤ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ምህረትን ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ስታገኛት ቆም አለች።

"ዛሬ ሁለት ተማሪ ነው ያለኝ?"

"ዕረፍቴ ነው፤ እስቲ ልይ ብዬ።"

"እሰይ! አዲስ ገቢ ከወላጅ ጋር ነው የሚመጣው፤ ላንቺ ግን ግድ የለም፣ ወላጅ ነሽ።"

ማራኪ ሳቀች። ምህረትም ፈገግ ለማለት ሞከረች። ኤልፍነሽ ስልኳን አወጣችና ነካካችው።

"ይሄ ነገር ምን ሆነ?"

"ኢንተርኔቱ ተቋርጧል፣ እትዬ። ነገ ይሠሩታል።"

"ይሁን። አባዬም እንደሆነ እሁድ ነው የሚጠብቀን" ብላ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ትምህርቱ ተጀመረ። ኬክ መጋገሪያ ትሪ ላይ ጨው ተነስንሷል፤ ማራኪ በጣቷ ፊደል ትጽፍበታለች። ስትሳሳት ትሪውን ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ስህተቱ ይጠፋል። ከዚያ ኤልፍነሽ ምስር በሦስት የተለያዩ ስኒዎች አስለካቻት። የቱ የየትኛው ግማሽ እንደሆነ፣ የቱ የየትኛው ሩብ እንደሆነ ልጅቷ እያፈሰሰችና እየመለሰች ራሷ ደረሰችበት። ኤልፍነሽ መልሱን አትናገርም። ዝም ብላ ትጠብቃለች። ምህረት ግን ሁለት ጊዜ አምልጧት መልሱን ነገረች፤ ሁለቱንም ጊዜ ማራኪ ምስሩን ከልሳ እንደ አዲስ ጀመረች።

"ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ ማራኪ።"

"ማሚ፣ ቲቸር ቆሜም ብሠራ ኦኬ ነው ብላለች።"

ልጅቷ ሳታስበው ክርኗን ኤልፍነሽ ጭን ላይ አስደግፋ ነበር። ምህረት ያን ክርን አየችው። ትሪውንም፣ ጨውንም፣ ምስሩንም እሷ ናት የገዛችው፤ እንዲህ እንደሚያገለግሉ ግን ማንም አልነገራትም። ተነሥታ ሽሮ ጣደች።

"ሽሮ?" አለች ኤልፍነሽ ከጠረጴዛው። "በእረፍት ቀንሽ? ለእኔ?"

"ጾም አይደለሽ?"

"ጾምስ ነኝ። አንቺ ግን ጴንጤ ነሽ፤ ጾሜን ከመቼ ወዲህ ነው የምትጠብቂልኝ?"

ምህረት ሽንኩርቱን በኃይል መክተፍ ቀጠለች።

አራት ሰዓት ላይ ኤልፍነሽ "በይ እስቲ ሰማዩ ሌሊቱን ምን እንዳደረገ እንይ" አለች። ማራኪ በነጠላ ጫማዋ ወደ ጓሮ በረረች። ሌሊቱን ሲዘንብ ነበር ያደረው። የዝናብ መለኪያቸው አናቱ የተቆረጠ የለስላሳ ጠርሙስ ነው፤ ማስመሪያ ተለጥፎበታል። አቶ አንዷለምም ደብረ ብርሃን ግቢያቸው ውስጥ እንዲሁ ዓይነት ጠርሙስ አቁመው ነበር። እሁድ እሁድ በስልክ ቁጥር ይለዋወጣሉ፤ ከዚያ ማራኪ ፍሪጁ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የአትላንታን በሰማያዊ፣ የአባባን በአረንጓዴ ታቀልማለች። በዚያ ወረቀት ላይ ምህረት ያቀለመችው አንድም ነገር አልነበረም።

ማራኪ ጠርሙሱን በሁለት እጇ አቅፋ ገባችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቆማ ቁልቁል ተመለከተች። "ፎርቲ ስሪ! ቲቸር፣ አርባ ሦስት! ሪከርድ ነው!"

"ጻፊያ!"

"አርባ ሦስት አይደለም" አለች ምህረት።

ሁለቱም ዞሩ። ምህረት እጇን በፎጣ ጠርጋ መጣች። በመጦሪያው ውስጥ በየቀኑ የአሥራ ሁለት ሰው ፈሳሽ ለክታ ትመዘግባለች፤ በዚህ ሥራ ከእሷ የሚበልጥ ሰው በዚህ ቤት የለም።

"ከላይ ሆነሽ ካነበብሽ ይጨምርብሻል። ዝቅ በይ። ዓይንሽ ከውሃው ጋር ትክክል ይሁን። አሁንስ?"

ማራኪ ተንበረከከች። አንድ ዓይኗን ጨፈነች። "አርባ አንድ" አለች በዝግታ። ቀና ብላ እናቷን አየቻት። "ማሚ፣ ዌይት፤ እንዴት አወቅሽ?"

"ሥራ ላይ ሽንት እለካለሁ።"

"ኢይይ! ማሚ!" ልጅቷ ወለሉ ላይ ተንከባለለች። እናቷ በትምህርት ሰዓት ስታስቃት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ኤልፍነሽም ጎንበስ ብላ አየች፣ እንደገናም ቆማ አየች። "እውነት ነው" አለች። "ዓመት ሙሉ በስህተት ነው ያስነበብኩሽ። ከእናትሽ ተማሪ።" ምንም ቅሬታ ያልነበረበት አነጋገር ነው። ምህረትን ደስ አላት። ትንሽ ጨመረችበት።

"እንግዲህ እስከ ዛሬ የጻፋችሁት ሁሉ ስህተት ነው ማለት ነው።"

ማራኪ መሳቋን ተወች። ወደ ፍሪጁ ሄዳ ወረቀቱን አየችው፤ መጀመሪያ ሰማያዊውን፣ ቀጥሎ አረንጓዴውን። "አባባም ቆሞ ነው የሚያነበው!" አለች ደንግጣ። "ቲቸር፣ የአባባም ስህተት ነው!"

"በሰማንያ አንድ ዓመቱ ይንበርከክ ነው የምትዪው?"

"ኖ፣ ጠርሙሱን ከፍ ያለ ነገር ላይ ያድርገው። አሁኑኑ እንንገረው። እሁድ ድረስ ሌላ ዝናብ ቢመጣስ? የማሚ ስልክ እኮ ይሠራል!"

እጇ ተዘረጋ። ምህረት ስልኳን ከቀሚሷ ኪስ ውስጥ ያዘችው። ይህን ጉድ ራሷ እንዳመጣችው ያኔ ገባት።

"አይሆንም።"

"ዋይ?"

"የትምህርት ሰዓት ነው።"

"ይሄ አይደለም እንዴ ትምህርቱ?" አለች ኤልፍነሽ እየሳቀች። "ሁለት ደቂቃ ናት፣ ስጪያት። እዚያ አመሻሽ ነው፤ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ይሆናል።"

"አይሆንም አልኩ፣ እትዬ። በእኔ ስልክ አይደወልም።"

ማራኪ እጇን ሰበሰበች። "እኛ የምንሠራውን ሁሉ ትጠያለሽ" አለቻት። ከዚያ አፏን ግጥም አድርጋ ዘጋች፤ ምህረት ያንን ዝምታ ታውቀዋለች። ኤልፍነሽ ጠርሙሱን አንሥታ ለልጅቷ ሰጠቻት። "ሂጂ፣ ድፊና አጥበሽው ነይ። ቀስ ብለሽ።"

በሩ ሲዘጋ ኤልፍነሽ መነጽሯን አወለቀች።

"ከጠዋት ጀምሮ አይሻለሁ" አለች። "ተቀምጠሽ ትጠብቂኛለሽ። ሽሮ ትሠሪልኛለሽ። ፊትሽ ግን ሌላ ነው። ልጅቷ ልጅሽ ናት፤ ውሰጃት፣ የኔ ናት ያለሽ የለም። አባቴ ግን ምን አደረገሽ? ከልጅሽ ጋር ስለ ዝናብ ሲያወራ ነው ሳምንቱ የሚያልፍለት። አሁን በአንድ ሽማግሌም ትቀኛለሽ?"

መልሱ ምህረት ምላስ ላይ ነበር። ሦስት ቃል ነው፦ አባትሽ እኮ አርፈዋል። ሦስቱን ቃል ብትናገር ትክክለኛዋ እሷ ትሆናለች፤ ኤልፍነሽ ባለችው ነገር ታፍራለች፤ ልጅቷ ከተናገረች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የበላይ የምትሆነው እሷ ናት። ኤልፍነሽ እዚህ ወለል ላይ፣ የሚይዛት ሰው ሳይኖር ስትወድቅ ታያት። ማራኪ ባዶ ጠርሙስ ይዛ በር ላይ ስትቆም ታያት። ለአንድ ትንፋሽ ያህል ይህ ሁሉ ደስ ብሏት ነበር። የፈራችውም እሱን ነው።

"አዎ" አለች። "እቀናለሁ።"

ኤልፍነሽ ይህን አልጠበቀችም። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አራት ወር አፏን ስትዘጋ አልጋዋ ሥር ፍራሽ አንጥፌ ነው የተኛሁት" አለች ምህረት። "አንቺ በሦስት ሳምንት በውሃ ጠርሙስ አናገርሻት። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሃሌ ሉያ ሲል እኔ መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ በደስታ እንዳይመስልሽ። በጥር ጉልበቷን ስትላጥ እኔን በሩ ላይ አልፋኝ ወደ ምድር ቤት ወረደች። ፕላስተሩ እኔ እጅ ላይ ነበር። ዛሬ ሌላ ቤት ፈልጊ ልልሽ ነበር።"

"ሽሮው ለዚህ ነበር?"

"ለዚህ ነበር።"

የጓሮው ቧንቧ ይሰማል።

"ደህና" አለች ኤልፍነሽ። "አፍ አውጥተሽ መናገርሽ ጥሩ ነው። እኔም ሴት ነኝ፣ ይገባኛል። እስከ ሰኔ ቤት እፈልጋለሁ።"

ምህረት አይደለም፣ ተይው፣ ቆይ ልትላት ፈለገች። ነገር ግን ይህን ብትመልሰው ስልኩን ለምን እንደከለከለች ሌላ ምክንያት መፍጠር ነበረባት፤ ሌላ ምክንያት ደግሞ አልነበራትም። ሄዳ ሽሮውን አማሰለችው።

ማራኪ ገባች፤ ጠርሙሱ ከእጇ ላይ ይንጠባጠባል። እናቷን አላየቻትም። "ቲቸር፣ ታዲያ መቼ ነው የምንነግረው?"

"እሁድ" አለች ኤልፍነሽ። "እናትሽ ዛሬ አይሆንም ብላለች። የእናት ቃል ይከበራል።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምህረት ምሳ አቀረበች። ኤልፍነሽ ቀዝቀዝ ብላ ጀመረች፤ ምህረት "ድገሚ፣ እትዬ፣ በሞቴ" እያለች ከፊቷ አልነሣ አለች። "ካስወጣሽኝ በኋላ ደግሞ ልታፈነጂኝ ነው?" አለች ኤልፍነሽ። ቢሆንም ሁለት ጊዜ ደገመች።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ለገሰ፣ የንስሐ አባቷና ዘጠኝ ሰዎች የምድር ቤቱን በር አንኳኩ፤ መርዶው ተነገረ። ኤልፍነሽ ስልኩ ለምን እንደተከለከለ ያኔ ገባት፤ የዓርቡን ንግግር ግን ከዚያ በኋላ ሁለቱም አላነሡም። ኤልፍነሽ የአርባውን ተዝካር እዚያው ቤት አወጣች፣ በሰኔ መጀመሪያ ወደ ክላርክስተን ተዛወረች። ማራኪ በሳምንት ሦስት ቀን እዚያ ትማራለች፤ በመኪና የምታደርሳት ምህረት ናት።